አርባ ስንት ነው?

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ደደብ መሆኔን የነገረችኝ እናቴ ናት። በአፏ አይደለም፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር። ራት ተበልቶ ሳህኖቹ ከታጠቡ በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ ታደርግና፣ ሰው እንዳይሰማት የምትፈራ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«አርባ ስንት ነው?»

«መቶ አራት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ያቺ ጥያቄ እስክትመጣ ድረስ እርግጠኛ ነበርኩ። ከመጣች በኋላ ግን እርግጠኝነቴ ይጠፋል። እናት የሆነች ሰው አንድን ነገር ደግማ የምትጠይቀው ልጇ ስትሳሳት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ስለዚህ መልሴን እቀይራለሁ። መቶ አንድ እላለሁ፣ መቶ ስድስት እላለሁ። እናቴ ግንባሯን ቋጠር ታደርግና ረጅም ትተነፍሳለች። እኔም ያን ትንፋሽ ይዤ ወደ አልጋዬ እሄዳለሁ።

ያ ዓመት ከመምጣቱ በፊት ቤታችን እንዲህ አልነበረም። እናቴ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ረዳት ነበረች። ትምህርት ቤት ገብታ የተማረችው ሙያ አይደለም፤ በልጅነቷ ወለል ልትወለውል ተቀጥራ፣ ሲሠሩ እያየች፣ ሲያዟት እየታዘዘች የለመደችው ነው። ልጆቹን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፤ ጧትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትኩሳታቸውን ትለካለች። ቴርሞሜትሩን ከልጁ ብብት አውጥታ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታነብ ኢላማ የምትመታ ወታደር ትመስል ነበር። አባቴም «ተኳሿ» ይላታል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የፊተኛው ክፍላችን የእሱ መሥሪያ ነበር፤ ወለሉ ላይ ሁልጊዜ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይረግፋል። እናቴ ከሥራ ስትመጣ የስፌት መኪናውን ያቆምና ወሬ ይጠይቃታል። የምታወራው ስለ ልጆቹ ነው። መድኃኒቱን ሰርቆ ለአሻንጉሊቱ ስላጠጣው ልጅ፣ መርፌ ስታይ «እኔ ድኛለሁ፣ እሷን ውጓት» እያለች አጠገቧ ወደተኛችው ስለምትጠቁመው ልጅ። አባቴ የልጆቹን ትኩሳት እንደ ኳስ ውጤት ነበር የሚከታተለው።

«ያ መቶ ሦስቱ እንዴት ዋለ?»

«ዘጠና ዘጠኝ ገባ።»

«ይገባዋል» ይላል አባቴ፣ ልጁ ጎል ያገባ ይመስል።

ከዕለታት አንድ ቀን ወሬው ቆመ። እናቴ ከሥራ መጥታ በራት ሰዓት ሳህኗን ብቻ እያየች በላች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸት ጀመር፤ የጣቶቿ ጫፍ ውሃ ውስጥ እንደከረመ ነገር ተጨማደደ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃት፣ «ሌላ ክፍል ተዛውሬያለሁ» አለችኝ።

«እድገት ነው?»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት አባቴ ከመኪናው ጀርባ ጣልቃ ገባ። «አዎ፣ እድገት ነው» አለ። «ዕቃው ትልልቅ የሆነበት ክፍል ነው።»

በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ እናቴ ሹመት እንዳገኘች ነገርኳቸው። አንዷ ምን ሆና ተሾመች ስትለኝ፣ ስለማላውቅ፣ «የትልልቅ ዕቃዎች ኃላፊ» አልኳት።

ትልልቆቹ ዕቃዎች የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎች ነበሩ። እናቴ ወደ እጥበት ክፍል ወርዳ ነበር። ምክንያቱን የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ ግን እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገር አይገባም።

ሆስፒታሉ አሮጌዎቹ ቴርሞሜትሮች ተሰባብረው ሲያልቁበት በካርቶን አዲስ መጣለት። አሮጌዎቹ በፋራናይት የሚለኩ ነበሩ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ዘጠና ስምንት ተኩል ገደማ ያሳያሉ። አዲሶቹ በሴንቲግሬድ ስለሆኑ ያው ጤነኛ ሰው እነሱ ላይ ሠላሳ ሰባት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ካርድ ያነበበው በአሮጌው ነው። ስለዚህ ዋና ነርሷ ለጊዜው ካርዱ ላይ ወደ አሮጌው እየመለሳችሁ ጻፉ ብላ አዘዘች። እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቁት ሁለቱ የተማሩት ነርሶች ነበሩ። እናቴ አልጠየቀችም። ስንት ዓመት ከሠራች በኋላ ትኩሳት እንዴት ይለካል ብላ መጠየቅ ሞት ሆነባት። የራሷን ዘዴ አበጀች። በዘጠና ስምንትና በሠላሳ ሰባት መካከል ያለው ልዩነት ስልሳ አንድ ነው፤ እንግዲህ አዲሱ በሚለው ላይ ስልሳ አንድ መደመር ነው አለች።

ለሠላሳ ሰባት ይሠራል። ለሠላሳ ስምንትም ብዙ አያሳስትም። ትኩሳቱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ስህተቱም አብሮ ከፍ ይላል፤ የአዲሱ አንድ ዲግሪ የአሮጌውን ሁለት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው። አንድ ጧት አንዲት ትንሽ ልጅ ብብት ውስጥ የገባው ቴርሞሜትር አርባ አለ። እናቴ ስልሳ አንድ ደምራ መቶ አንድ ብላ ጻፈች። መቶ አንድ በእሷ ልምድ እርጥብ ጨርቅና ብዙ ውሃ ነው፣ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር አይደለም። የልጅቷ ትኩሳት ግን መቶ አራት ነበር። ሐኪሙም ካርዱን አይቶ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗ ተገልብጦ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እግዜር ሲያተርፍ ተረፈች። እናቴ ግን በዚያው ሳምንት ጋውኗን አስረክባ ወደ ገንዳዎቹ ወረደች።

ይህን ሁሉ እኔ የት አውቄው። እኔ የማውቀው፣ በዚያው ሰሞን የሳይንስ አስተማሪያችን ስለ ሙቀት ያስተምረን እንደነበር ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ሥሎ፣ በአንደኛው ውሃ በዜሮ ይረጋል፣ በመቶ ይፈላል፤ በሌላኛው በሠላሳ ሁለት ይረጋል፣ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይፈላል አለን።

«ታዲያ የቱ የበለጠ ይሞቃል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ውሃው ያው ውሃ ነው» አለ አስተማሪው። «ስሙን በሁለት ቋንቋ ስለጠራኸው አይሞቅልህም።»

ደስ አለኝ። ለአምስት አካፍሎ፣ በዘጠኝ አባዝቶ፣ ሠላሳ ሁለት መደመር እንደ ዘፈን ነበር የያዝኩት። ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። እሱም ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ «ኢንችና ሴንቲሜትር በይኛ» አለኝ።

«አይደለም አባዬ። ኢንችና ሴንቲሜትር ሁለቱም ከዜሮ እኩል ነው የሚነሱት። ይሄኛው ሌላው ዜሮ ሲል ሠላሳ ሁለት ላይ ደርሷል።»

አባቴ አሰብ አደረገና «እንግዲያው ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ነው» አለ። «በዚያ ሱሪ የሰፋሁለት ሰው ወዮለት።»

እናቴ ማድጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ብርጭቆ ይዛ፣ ውሃ ሳትቀዳ፣ እኔን ታየኛለች። ለምን እንደዚያ እንዳየችኝ አልገባኝም። የሆነ ነገር ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በክፍላችን መስኮት ወደ ውጭ ሳይ እናቴን በግቢው በር ላይ አየኋት። ከአስተማሪው ጋር ቆማ ነበር። ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣለች። አስተማሪው እጁን እያወናጨፈ ያወራል፤ ወደ መስኮታችንም ጠቆመ። ጆሮዬን ባቆምም በግቢው ጩኸት መሃል የደረሰኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «የሚያሳፍር።»

አሁን ሳስበው አስተማሪው ያለው፣ «ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ልጅዎ አንደኛ አድርጋ ይዛዋለች፣ እሷው ታስጠናዎት» መሆን አለበት። እናቴ የሄደችው ራሷ ልትማር ነበር። እኔ ግን ያንን ቃል እንደ ጠጠር ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁ።

ማታውኑ «አርባ ስንት ነው?» ተጀመረ።

የደደብነቴን ማረጋገጫ ደግሞ በመጋረጃው በኩል አገኘሁ። የእኔ አልጋ ከአባቴ መሥሪያ የሚለየው በመጋረጃ ነው። አባቴና እናቴ እኔ እንድሰማው የማይፈልጉት ነገር ሲኖር አባቴ መኪናውን እየነዳ ነው የሚያወራው፤ ወሬው በስፌቱ ድምፅ ይሸፈናል። ጨርቁን ሊያዞር ሲያቆም ግን ቃላት ያመልጣሉ። እናቴ እያለቀሰች እንደሆነ ከአፍንጫዋ ድምፅ ለየሁ።

«...እንደ ደደብ...»

ታካታካታካ አለ መኪናው።

«...ማን ነው ደደብ ያለ? ልጅ እኮ ናት...»

ታካታካታካ።

«...ነገሩ ከጭንቅላቴ አልገባ ካለ ምን ላድርግ?...»

የመጨረሻውን አልሰማሁትም ማለት ይሻላል። የሰማሁት «ጭንቅላት» እና «አልገባ ካለ» ነው፤ ባለቤቱን እኔው ሞላሁበት። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ድምፄን ዋጥኩት። እናቴ በእኔ ደደብነት እያለቀሰች መሰለኝ። ሰው በደደብነቱ እናቱን ያስለቅሳል እንዴ? በማግስቱ ጧት ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ እሷም የእኔን አላየችም። አሁን ሲገባኝ ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠን ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን ከሌላዋ ተደብቀን ነበር። ያኔ ግን የማፍረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥያቄው በየምሽቱ ቀጠለ። ሠላሳ ስምንት ስንት ነው? ሠላሳ ዘጠኝስ? እንዴት አገኘሽው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ከየት ጀመርሽ? ሠላሳ ሁለቱን ለምን መጀመሪያ አትደምሪውም? በመጨረሻዋ ጥያቄ ተናደድኩ፤ ልታሳስተኝ የምታጠምደኝ መሰለኝ። አባቴ አንድ ጊዜ «ልጅቷን አታድክሚያት» ሲላት እናቴ ቀና ብላ እንደ ጥፋተኛ አየችው። እኔ ደግሞ «አታድክሚያት» የሚባለው ለታመመ ሰው ስለሆነ፣ በሽታዬ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደሆነ ደመደምኩ።

ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት አቆምኩ። አስተማሪው ሲጠይቀኝ፣ መልሱ ምላሴ ላይ እያለ፣ «አላውቅም» ማለት ለመድኩ። አለማወቅ ከመሳሳት ይሻላል፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አያስከትልም።

አንድ ቀን ማታ እናቴ ቤት የቀረውን አሮጌ ጋውኗን ከሳጥን አወጣች። አባቴ ክርኑ ላይ የሳሳውን ጣፈላትና በትልቁ ብረት ተኮሰላት፤ ለሙሽራ እንኳ እንዲያ ሲጠነቀቅ አላየሁም። እናቴ ጋውኑን በክንዷ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ትምህርት የለም አይደል? አብረን ነው ሆስፒታል የምንሄደው። አባትሽ ልብስ ሊያደርስ ስለሚወጣ ብቻሽን አትቀሪም።» ከዚያ ለማን እንደሆነ ሳትለይ፣ እንዲሁ ለቤቱ የምትናገር ይመስል፣ «ሲስተሯ ትጠይቃለች። መረጋጋት ነው። ረጋ ብሎ መመለስ ነው» አለች።

እኔ ነኝ የምጠየቀው ብዬ ወሰድኩት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ጭንቅላቷ ያልሠራ ልጅ ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች፣ ሲስተር ትመረምራታለች። በዚያ ላይ እናቴ መንገድ ላይ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር፤ እጇ ላብ በላብ ነው። ለእኔ ፈርታ ነው አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ረጅም ኮሪደር ነበር፤ ግማሽ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም፣ ግማሹ ነጭ። እናቴን የሚያውቋት ሁሉ ሰላም ይሏታል፤ ግን ቆም ብሎ የሚያወራት አልነበረም። በዋና ነርሷ ቢሮ በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ ጎንበስ ብላ ለመጨረሻ ጊዜ በጆሮዬ፣ «አርባ?» አለችኝ።

ያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እልህ ሳይሆን አይቀርም። «መቶ አራት። መቶ አራት ነው» አልኳት።

«እርግ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። በሩ ተከፈተ።

ዋና ነርሷ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ወገቧ ላይ ቁልፎች ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። «ግቢ» አለቻት እናቴን። እኔን አላየችኝም። የበሩ መያዣ የላላ ስለነበር ከኋላቸው ተዘግቶ ተመልሶ ገርበብ አለ።

በክፍተቱ የእናቴ ጀርባ ይታየኛል። የጋውኑ ቀበቶ ተጣሞ ታስሯል። ነርሷ ስለ ብዙ ነገር ጠየቀቻት፤ እናቴ በዝግታ ትመልሳለች። የጎደለኝን ልትመረምር እስክትጠራኝ እየጠበቅኩ ነበር። እናም ነርሷ እንዲህ አለች፤

«ሠላሳ ሰባት ተኩልስ?»

«ዘጠና ዘጠኝ ተኩል፣ ሲስተር።»

«አርባ?»

ዝምታ ሆነ።

ቁልፎቹ ሲንቀጨቀጩ ሰማሁ። የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል። «አርባ ስንት ነው ያልኩት» አለች ነርሷ እንደገና። የእናቴ ጀርባ አይነቃነቅም። ያ ዝምታ የኔ ዝምታ መሰለኝ። ያ ጥያቄ የኔ ጥያቄ ነው፤ በየምሽቱ የምጠየቀው፣ ለእሱ ስል ስንት እንባ የዋጥኩበት። እናቴ ዝም ያለችው እኔን እየጠበቀች ነው። ተነሥቼ በሩን በሁለት እጄ ገፋሁት።

«መቶ አራት!» አልኩ። «ለአምስት ሲካፈል ስምንት፣ በዘጠኝ ሰባ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት ሲደመር መቶ አራት።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ፊቷን አሁንም አልረሳውም፤ ያኔ ግን የተረጎምኩት እንደ አድናቆት ነው።

ዋና ነርሷ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ ካየችኝ በኋላ ወደ እናቴ ተመለሰች። አልጮኸችም። «ለካ አስተርጓሚ ይዘሽ ነው የመጣሽው» አለቻት።

«ትምህርት ዝግ ሆኖ ነው ሲስተር፣ ቤት ሰው ስለሌለ...»

«በሽተኛው አልጋ አጠገብም ይዘሻት ትቆሚያለሽ?»

እናቴ ጋውኗን እዚያው አውልቃ፣ አባቴ የተኮሰውን እጥፋት ጠብቃ አጠፈችውና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ በጎን በጎን አያታለሁ። አንድ የተዘጋ ሱቅ ጥላ ሥር ስንደርስ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ የሹራቤን ቁልፍ ቆለፈችልኝ።

«ልክ ነሽ» አለችኝ። «መቶ አራት ነው።»

ደግማ አልጠየቀችኝም። በቃ፣ ልክ ነሽ። ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ከመልእክቱ ለተመለሰው አባቴ፣ «አባዬ፣ ሲስተሯ ፊት መለስኩ! ፈተናውን አለፍኩ!» አልኩት። አባቴ መኪናውን አቆመ። ከእኔ ትከሻ በላይ እናቴን አያት።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አለኝ በመጨረሻ። ያን ዕለት የሰፋው እጅጌ ተገልብጦ ገብቶ፣ ሲመሻሽ ቁጭ ብሎ ሲተረትረው አየሁት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ስለ ሙቀት ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ድኛለሁ አልኩ። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርኩ። ያ ቀን የልጅነቴ ትልቁ ቀን ሆኖ ቀረ፤ ለጓደኞቼ አወራሁት፣ ለባለቤቴ አወራሁት። እናቴ ባለችበት ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ መሰላችሁ። ስታዳምጠኝ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ጡረታ የወጣችው ከእጥበት ክፍል ነው። አባቴ አርፎ ነበር። የሥራ ጓደኞቿ ቤታችን ተሰበሰቡ፤ አጣቢዎቹ፣ ልብስ ተኳሾቹ፣ በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ። ዋና ነርሷም ከዘራ ተደግፋ መጣች፤ ከሁሉም ቀድማ ጡረታ የወጣች አሮጊት ሆናለች። እናቴ ሶፋው ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ስለ እናቴ አንድ ነገር ተናገሪ ሲሉኝ ብርጭቆዬን ይዤ ተነሣሁና ያንኑ ታሪክ ጀመርኩ። ዋና ነርሷም ስላለች ደስ ብሎኛል፣ ምስክሬ ናት አልኩ። የነርሷን አነጋገር ሳስመስል ቁልፍ እንደሚያንቀጨቅጭ ሰው ወገቤን ነቀነቅሁ። «ለካ አስተርጓሚ ይዘሽ ነው የመጣሽው» አልኩ፣ ሳቅ እየጠበቅሁ።

ማንም አልሳቀም። አንዷ አጣቢ ጫማዋን ታያለች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዋና ነርሷ ወደ እናቴ ዘንበል ብላ፣ ጆሮዋ ስለከበዳት ሹክሹክታ የመሰላትን ነገር ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረችው።

«ልጅቷ አታውቅም እንዴ?»

«ተይው ሲስተር» አለች እናቴ።

ዋና ነርሷን እስከ መንገድ የሸኘኋት እኔ ነኝ። እዚያ ነው ሁሉንም የነገረችኝ፤ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ስልሳ አንዱ፣ ስለ ትንሿ ልጅ። ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠበቅሁባትም። «ያን ቀን ብትመልስልኝ ወደ ክፍሏ እመልሳት ነበር» አለች። «አርባ ስላት ዝም አለች። በዚያው በአርባ ነው ልጅ ልትሞትብን የነበረው። አሁንም ካላወቀችው እንዴት እመኑኝ ትላለች? አንቺ ስትገቢ ደግሞ ያስጠናችሽ መልስ መሰለኝ።» ከዘራዋን አንሥታ ታክሲ ጠራችና ሄደች።

ተመልሼ ቤት ስገባ የተናገርኩት ሳይሆን የተናገርኩባቸው ጊዜያት ቁጥር ነው ያቃጠለኝ፤ በሠርጌ ማግስት፣ በልጄ ልደት፣ እናቴን ፊት ለፊት አስቀምጬ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግዶቹ ሄደው ነበር። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች፤ እናቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነው።

«መልሱን ታውቂው ነበር?» አልኳት በሩ ላይ እንደቆምኩ።

ምን እንደምል አልጠየቀችኝም። «አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጅቷ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። አርባ ሲሉኝ እሷን ነው ያየሁት። መቶ አራት ብዬ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣ አለኝ።» ብርጭቆዎቹን እርስ በርስ ደረደረቻቸው። «አንቺ ባትገቢም የምናገር አይመስለኝም።»

ይህን ያለችው ለእኔ ብላ ይሁን እውነቷን ይሁን እስካሁን አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም? ስንት ዓመት ሙሉ ስቀልድበት...»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እናትሽ አታውቅም ልበልሽ? መጀመሪያ እሱን ማለት አቃተኝ። በኋላ ደግሞ ደስ ብሎሽ ነበር። ሱቁ ጋ አንገቴ ላይ ስትጠመጠሚ ልብሽ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልውሰድብሽ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እናቴ እጇን በፎጣ አደራርቃ ከፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። የበረኪናው ሽታ ከቆዳዋ አልለቀቀም።

«አሁን ጠይቂኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«ጠይቂኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የቀረሁት።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ስንት ነው?»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አልቸኮለችም፤ እኔም አላቸኮልኳትም።

«መቶ ሁለት፣ ትንሽ ከፍ ይላል» አለች። ዓይኗን ገለጠችና ጠበቀችኝ። «ልክ ነኝ?»

ላሰላ ሞከርኩ። ሠላሳ ዘጠኝን ለአምስት ላካፍል፣ ወይስ መጀመሪያ ሠላሳ ሁለት ልቀንስ? እንደ ዘፈን የያዝኩት ነገር ከላዬ ላይ ረግፎ አልቋል። ፊቴ ጋለ። ዝም ብዬ ልክ ነሽ ልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«አላውቅም እማዬ» አልኳት። «ረስቼዋለሁ።»

እናቴ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና አንዱ ብርጭቆ ውስጥ በቀረ ውሃ ጣቷን ነክራ፣ ልትጽፍ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ነይ ጠጋ በይ» አለችኝ። «ከባድ አይደለም።»